ባለ ሦስት ራሱ አዞ ሳር አያውቅም

ለተከበሩ አቶ ተክለወልድ
የወጣቶች መዝናኛ አዳራሻችን ኃላፊ
አርባ ምንጭ

ጉዳዩ፦ የታሰረብን ጌም ለአንድ ቅዳሜ ከሰዓት እንዲፈታልን ስለመለመን

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ የለመለመ፣ ወገብዎ ለስብሰባ የጸና፣ የቢሮዎ ወንበርም እንደ ወትሮው የተመቸዎት ይሆን ዘንድ ከልቤ እመኛለሁ። እኛ የጌም ማጫወቻውን ከወሰዱብን ወዲህ የጠፋ ቴሌቪዥን ከብበን ተቀምጠን በጣም ደህና ነን። ስሜ ዲሪባ ነው፤ በመስኖ ምሕንድስና ተመርቄ ሥራ በመፈለግ ላይ የምገኝ፣ ባለፈው የወላጆች ስብሰባ ላይ በጣትዎ እያመለከቱ «ለምሳሌ ይሄ ሥራ ፈት» ብለው ለከተማው ያስተዋወቁኝ ወጣት ነኝ። ከተመረቅኩ ወዲህ በአደባባይ የጠራኝ የመጀመሪያው ባለሥልጣን እርስዎ ስለሆኑ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

ይህን ደብዳቤ በአዳራሹ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት ለራሴ አይደለም፤ ለጓደኛዬ ለደግፌ ነው። ማጫወቻውም ካሴቶቹም የእሱ ንብረት ናቸው። ወንድሙ ከአዲስ አበባ ሲልክለት ቤቱን ቆልፎ ለብቻው መጫወት ሲችል፣ አዳራሻችን ውስጥ ከአንድ የጠረጴዛ ቴኒስ በቀር መጫወቻ ስለሌለ፣ እሱም ኳሱ ስለተሰነጠቀ፣ ተሸክሞ አምጥቶ ለሁላችን አካፈለን። አሁን ደግፌ የሒሳብ መምህር ሆኖ ገረሴ ተመድቧል። ሰኞ ይሄዳል፤ የሚያርፍበት ቤት መብራት አልገባለትም። አብረን ወራት የለፋንበትን ጨዋታ የመጨረሻ ውጊያ ሳያይ ሊሄድ ነው። ልመናችን አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ብቻ ነው፤ እርስዎ ግን «ማጣራቱ እስኪያልቅ» ብለዋል።

በስብሰባው ላይ «ጨዋታው ሁሉ ያው ነው፣ መደባደብ ነው» ስላሉ፣ ለማጣራቱ ሥራ ይረዳዎት እንደሆነ ብዬ የሚከተለውን በትሕትና አቀርባለሁ። የጨዋታው ስም «የአመድ ዘውድ» ነው፤ ሦስት ክፍል አለው፤ አራት መንገደኞች የተሰረቀ ዘውድ ለማስመለስ አገር ያቋርጣሉ። ታሪኩ አንድ ይሁን እንጂ አዋጋጉ በየክፍሉ ሌላ ነው።

፩ኛ/ በመጀመሪያው ክፍል ውጊያ በተራ ነው። የእኛ ሰዎች በአንድ ወገን ይሰለፋሉ፣ ጠላት በሌላ ወገን ይሰለፋል፤ ሰይፍ፣ አስማት፣ መድኃኒት ወይም ሽሽት እስኪመርጡ ድረስ ማንም አይነካዎትም። ከጫኖ መንደር የሚመጣው ጓደኛችን ሲሳይ የዚህ ክፍል ወዳጅ ነው። «ይሄ ሥርዓት ያለው ውጊያ ነው፤ ዱቡሻ ሸንጎ ላይም ሽማግሌ ተናግሮ ሳይጨርስ ማን አፉን ይከፍታል?» ይላል። እውነት አለው፤ ነገር ግን ሲሳይ አንድ ቀን ዘንዶ ፊት ጥሎን ሄዶ ምሳውን በልቶ ሲመለስ፣ ዘንዶው እዚያው ቆሞ ክንፉን እያራገበ ይጠብቀው ነበር። እንዲህ ያለ ጨዋ ጠላት ሰውን ያሰንፋል ባይ ነኝ። በእርስዎም ቢሮ በር ላይ ተራ እንደምንጠብቅ አልዘነጋሁም፤ ልዩነቱ በጨዋታው ውስጥ ተራው መድረሱ ነው።

፪ኛ/ በሁለተኛው ክፍል ከእያንዳንዱ ሰው ሥር አንዲት መስመር ትታያለች። እስክትሞላ መጠበቅ ግድ ነው፤ ከሞላች በኋላ ግን ሰይፍ ይሻላል ወይስ መድኃኒት እያሉ ማመንታት የለም፣ የጠላትም መስመር እየሞላች ነዋ። አብራን የተመረቀችው ትርሐስ በዚህ ክፍል የሚደርስባት የለም። «መስመሯ ባዶ ሳለች ያላሰበ ሰው ስትሞላ ቢያስብ ለቀብሩ ነው» ትለናለች፤ እኔ እጄ መሐል መንገድ ላይ ሲቀር ደግሞ «ዲሪባ፣ ለመሞትም ማመልከቻ ታስገባለህ እንዴ?» እያለች ታስቀኛለች። ያም ሆኖ የእኔ ምርጫ ይህ ክፍል ነው። መጠበቅን እንደ ተንኮል አይቆጥረውም፣ መዘጋጃ ያደርገዋል። የሥራ ማስታወቂያ ምዝገባው በሚዘጋበት ከሰዓት በሚለጠፍበት ከተማ የሚኖር ምሩቅ፣ መስመሩ የምትሞላበትን ቅጽበት ሰነዱን በብብቱ ይዞ ቢጠብቅ አይፈረድበትም።

፫ኛ/ በሦስተኛው ክፍል ተራም መስመርም ቀርቷል። በራስ እግር መሮጥ ነው፣ ሰይፍም ያነጣጠሩበት ላይ ብቻ ያርፋል። ደግፌ «እውነተኛው ውጊያ ይሄ ነው» የሚለው ስለዚህ ነው፤ እግር ኳስም ስለሚችል ይሆናል። ሆኖም አንድ ተጫዋች መቆጣጠር የሚችለው አንዱን ሰው ብቻ ነው። የቀሩት ሦስቱ ሌላ ተጫዋች ካልያዛቸው አስቀድሞ በተሰጣቸው መመሪያ በራሳቸው ይንቀሳቀሳሉ፤ ይህም ማለት ፈዋሿ ሴትዮ እየደማ ያለውን ትታ ጭረት ያልነካውን መድኃኒት ታጠጣለች። ትርሐስ ይህችን ሴትዮ ባየች ቁጥር የሆነ መሥሪያ ቤት ትዝ ይለኛል ትላለች፤ የትኛው እንደሆነ ግን ጠይቄያት አላውቅም።

፬ኛ/ ጠብ ተነሣ ስለተባለበት ቀን። ያን ቀን ከመጨረሻው ውጊያ በፊት ያለውን በር የሚጠብቅ አንድ ባለ ሦስት ራስ አውሬ ገጥሞን ነበር፤ ፈረንጆቹ ምን እንደሚሉት እንጃ፣ የጫሞን ሐይቅ ያየ ሰው አዞ ከማለት ሌላ ስም አይሰጠውም። እየተዋጋን ሳለ ሲሳይ ከመቀመጫው ተነሥቶ የመጀመሪያው ክፍል ይበልጣል አለ፣ ደግፌ ዐይኑን ከአዞው ሳይነቅል መለሰለት፣ ትርሐስ ሁለቱንም ተቆጣች፣ እኔም ድምፄን ከፍ አድርጌ እንደነበር አልክድም። የአዳራሹ ጥበቃ ጋሽ ካሱ «በለው፣ ግደለው፣ አንተ ዝም በል» የሚል ጩኸት በበሩ ሲሰሙ ሰው ሊጋደል ነው ብለው፣ እንደ ጋሞ ሽማግሌነታቸው ከግቢው የዕርቅ እርጥብ ሳር ነጭተው ገቡና መካከላችን ተንበረከኩ።

ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት ሽማግሌ ሳር ይዞ ሲንበረከክ የሚናገር አፍ፣ የሚሠራ እጅ የለም።  ደግፌም በእጁ የያዘውን መቆጣጠሪያ መሬት ላይ አስቀመጠ። የመጀመሪያው ክፍል ቢሆን ኖሮ ጠላት ይጠብቀን ነበር፤ የሦስተኛው ክፍል አዞ ግን ሳር አያውቅምና አንገታችንን ደፍተን በተቀመጥንበት አራቱንም ሰዎቻችንን አንድ በአንድ በላቸው። ጋሽ ካሱ ቀና ብለው ቴሌቪዥኑን ሲያዩ በጣም አዘኑ። «ይሄ አውሬ ሽማግሌ የለውም?» አሉን። ከሦስቱ ክፍሎች ማነጻጸሪያ ሁሉ እስከ ዛሬ ይህን የሚያህል አልሰማሁም።

እርስዎ የደረሱት በዚህ ጊዜ ነበር። መሬት ላይ ሳር፣ አንገታቸውን የደፉ ወጣቶች፣ የተንበረከከ ሽማግሌ አዩ። ጋሽ ካሱ «እኔ ነኝ የተሳሳትኩት፣ ልጆቹ የሚጣሉት ከአዞ ጋር ነው» ብለው ቢያስረዱም፣ «ሳር የተያዘበት ጠብ እንዴት ጠብ አይደለም ይባላል?» ብለው ማጫወቻውን ከነካሴቱ ወደ ቢሮዎ ወሰዱት። ለሽማግሌው ሳር ያሳዩት አክብሮት ከሽማግሌው ቃል በላይ መሆኑ አስደንቆናል።

፭ኛ/ በወላጆች ስብሰባ ያደረጉትን ንግግር እናቶቻችን ሳይቀሩ አድንቀውታል። በተለይ «መካከለኛው ራሱ ሲመታ ውኃ ውስጥ ሰምጦ ከኋላ የሚወጣ አዞ ለወጣቱ ምን ያስተምረዋል?» ያሉት ሁላችንንም አሳስቦናል፤ ምክንያቱን ከፊርማዬ በታች አስፍሬዋለሁ።

እንግዲህ ስለ ሰፊው ትዕግሥትዎ፣ ስለ ተቆለፈው በርዎ፣ ስለማያልቀው ማጣራትዎም ደግሜ ደጋግሜ እያመሰገንኩ፣ የቅዳሜው ከሰዓት እንዲፈቀድልን ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እለምናለሁ።

መስመሯ እስክትሞላ በታላቅ አክብሮት የምጠብቅ፣
እርስዎ ያስተዋወቁኝ ሥራ ፈት፣
ዲሪባ

ግልባጭ፦
ለጋሽ ካሱ፣ ሳሩ ስለደረቀባቸው
ለፈዋሿ ሴትዮ፣ ባለችበት

ማስታወሻ፦ አዞው ውኃ ውስጥ ሰምጦ ከኋላ እንደሚወጣ ከእኛ መካከል ማንም አላየም። ያን ቀን የበላን ሳይሰምጥ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ማጫወቻው ያለው በእርስዎ ቢሮ ነው። በምሳ ሰዓት ከተዘጋው በርዎ የሚሰማው የጨዋታው የሽንፈት ዜማ የማጣራቱ አካል መሆኑን ተረድተን ኮቴያችንን አጥፍተን እናልፋለን። ሆኖም ካሴቱ ላይ ጨዋታ የሚቀመጥባቸው ሁለት ቦታዎች ብቻ አሉ። የመጀመሪያው የእኔ ነው፣ ያጥፉትና ይውሰዱት፤ ሁለተኛው የደግፌ ነው፣ እሱን ግን አደራ። ቅዳሜ የመጡልን እንደሆነም የፈዋሿን ቦታ ትተንልዎታል፤ ሥራውን ያውቁታል ብለን ነው። ምናልባት አዞውን አልፈው ከሆነ ደግሞ እባክዎ፣ መጨረሻውን ለደግፌ እንዳይነግሩት።