የአባየ ጉሮሮ

የካቲት 26

ዛሬም ከአንዲት ሕፃን ጆሮ ሽምብራ አወጣሁ። እናቷ ሽምብራውን በመሀረብ ቋጥራ ወሰደችው... ለምን እንደሆነ እንጃ። ነስር፣ አፍንጫ ውስጥ የገባ ቁልፍ፣ "ጆሮዬን!" የሚል ገበሬ። የቡሬ ገበያ ቀን ድንገተኛ ክፍላችን መቆሚያ የለውም። እግሬ አብጧል።

አመሻሽ ላይ አባየ ከቋሪት ደወሉ። ድምፃቸው ከጥምቀት ወዲህ ሻክሯል፤ ዛሬማ ጭራሽ አላወቅኋቸውም። ባሕር ዳር የጉሮሮ ሐኪም ይይዎት አልኋቸው።

"ጾመ ድጓውን ለማን ጥዬ? ከፋሲካ በኋላ እመጣለሁ፣ ልጄ።"

የዜማ መምህር ናቸው። ከዚያ ድምፅ ሌላ ምን ሀብት አላቸው? እሺ። ከፋሲካ በኋላ።

መጋቢት 14

ኮሮና አዲስ አበባ ገባ ከተባለ ወዲህ የበሽተኛው መጠበቂያ ወንበር ባዶ ነው። አብራኝ የምትሠራው ሀኒ "ሕዝቡ ዳነ እንዴ?" ትላለች። ሳቅሁ። ጆሮ መታመም ያቆማል እንዴ?

ሚያዝያ 13

ፋሲካ አለፈ። ባሕር ዳር ሆስፒታሉ ደወልሁ። በኮሮና የተነሣ ከድንገተኛ በቀር አንቀበልም፤ የሚተነፍስና የሚውጥ ከሆነ ድንገተኛ አይደለም፣ ይቆይ አሉኝ። እኔስ በር ላይ ለሰዉ የምለው ይህንኑ አይደል? ለአባየ ነገርኋቸው። እሰይ፣ እኔም ደህና ነኝ አሉ። ድምፃቸው ግን...

ግንቦት 20

የሚመጣው ጥቂት ነው። የሚመጣውም ካለቀለት በኋላ ነው።

ዛሬ አንድ አባት ልጁን በቃሬዛ አመጣ። ጆሮዋ መግል ከያዘ ቆይቷል፤ አሁን ከጆሮዋ ኋላ አብጦ አንገቷ አልዞር ብሏል። ለምን ቆያችሁ አልሁት። ትኩሳት አላት ብላችሁ ለይቶ ማቆያ እንዳታስገቡብን ፈርተን ነው አለ። ወደ ባሕር ዳር ላክናት። መንገድ ላይ አረፈች።

ሰኔ 17

የአባየ ትልቁ ተማሪ፣ ዲያቆን ቂርቆስ፣ ደወለ። የኔታ ሲተነፍሱ ያፏጫሉ፣ ተቀምጠው ነው የሚያድሩት አለኝ። አንድ ሰው ከሳለ ጉባኤ ቤቱ በሙሉ ለይቶ ማቆያ ይገባል ተብሎ ተወርቶ ኖሯል። አባየ ተማሪዎቼ ይበተኑብኛል ብለው ሳላቸውን በጋቢ አፍነው ቆዩ። ለእኔ እንዳይነግር ገዝተውታል። ግዝቱን ያፈረሰው እያለቀሰ ነው። እንኳን አፈረስህ አልሁት።

ተናደድሁ። በደወልሁ ቁጥር "ደህና ነኝ"! ምነው አባየ?

ሰኔ 19

ባሕር ዳር። አንገታቸውን ቀድደው ቱቦ አስገቡላቸው። አሁን ይተነፍሳሉ። ሐኪሙ ለብቻዬ ጠራኝ። ማንቁርታቸው ላይ ካንሰር አለ፣ ሰፍቷል አለ።

"በየካቲት ቢመጡ ድምፃቸውንም እናተርፈው ነበር።"

አሁንስ? አልሁት። የሚቀጥለውን በሽተኛ ካርድ አነሣ።

ነሐሴ 9

አባየ እኔ ዘንድ ናቸው። ወደ ክፍላችን ሰው እንደገና መምጣት ጀምሯል፤ ሽምብራ ግን የለም፤ ሁሉም ቆይቶ የመጣ ነው።

ዛሬ ቂርቆስ ሊጠይቃቸው መጣ። ደጅ ራቅ ብሎ ቆመና ማስኩን አውርዶ ዜማ አሰማቸው። ደስ እንዲላቸው ነው። መሃል ላይ ዜማውን ሳተ። ከልጅነቴ የሰማሁት ነውና እኔ እንኳ አወቅሁት። አባየ ሊያርሙት አፋቸውን ከፈቱ። ከቱቦው ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ቂርቆስ ዓይኑን ጨፍኗል፤ አላየም። እንደሳተ ቀጠለ። አባየ እጃቸውን አነሡ... መልሰው ጋቢው ላይ ጣሉት።

ሲጨርስ ጉልበታቸውን ስሞ ሄደ። የቀሩትን ተማሪዎች አሁን የሚያስተምራቸው እሱ ነው።