ሲደርቅ ሻሹን ይመስላል

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 16፣ ሆሳዕና

ታደለች እኔ ጋ የተወችውን ሻሽ ልትወስድ ዛሬ መጣች። አንጋጫ የምታስተምር ሙሽራ ናት። የሠርግ ጥሪ ካርዷን ዲዛይን ስሠራ የሰማያዊውንና የግራጫውን ቀለም ምርጫ ለእኔ ተወችልኝ። ኮራል ለሚባለው ቀለም ግን የሟች እናቷን ሻሽ ይዛ መጥታ፣ «ወንድሜ፣ ልክ ይሄን አስመስልልኝ» ነበር ያለችኝ። ወደ ሮዝ የሚያደላ ለስላሳ ብርቱካናማ ነው። እናቷ ቸርች ሲሄዱ የሚያስሩት እሱን ነበር።

ኮምፒውተሩ ላይ ቁርጥ እሱን አስመሰልኩት። ስክሪን ላይ ያማረ ቀለም ወረቀት ላይ እንደሚከዳ እያወቅኩ፣ ሥራ በዝቶብኛል ብዬ አንድ ሳምፕል እንኳ ሳላወጣ ሁሉንም አተምኩት። ጡብ መስሎ ወጣ። ከግራጫው አጠገብ ሲሆን ደግሞ ይብስበታል። ሰኞ ስትረከብ ፊቷ ሲለወጥ አይቼ፣ «ገና እርጥብ ነው፣ ሲደርቅ ሻሹን ይመስላል» አልኳት። ማሽኑ አድርቆ ነው የሚያወጣው! አጥፍቻለሁ ማለት ይህን ያህል ይከብዳል?

ዛሬ እውነቱን ነግሬ እንደገና ላትምላት ቆርጬ ነበር። አፌን ሳልከፍት ከቦርሳዋ አንድ ካርድ አውጥታ ሻሹ ላይ አስጠግታ ያዘችው። ያው ጡብ ነው። ብዙ አየችው።

«እውነትህን ነው» አለችኝ ቀና ሳትል፣ «ሲደርቅ እሱን መሰለ። ጌታ ይባርክህ።»

ሻሹን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

እኔም «አሜን» አልኩ።