አራት ላይ ስለሞተው መለኪያ

ለካራታሽ ከተማ የቤት ሙቀት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ለተከበሩ አቶ ኦሮዝቤክ

ጤናዎ እንደ ቢሮዎ የሞቀ፣ እንቅልፍዎ እንደ ወንበርዎ የተመቸ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር አንድ ከባድ መርዶ ላረዳዎት ተገድጃለሁ። በሕንፃችን ምድር ቤት ግድግዳ ላይ ሆኖ ለሃያ ሁለት ዓመታት ያለ አንድ ቀን ዕረፍት ያገለገለው የውሃ ግፊት መለኪያ በሞት ተለይቶናል። መቼ እንደሞተ የሚያውቅ የለም። እኔ ስወለድ ቀስቱ አራት ላይ ነበር፤ ሲገነዝም አራት ላይ ነው።

እኔ አክጆል እባላለሁ፤ የአሥራ ሰባት ቁጥር ሕንፃ አምስተኛ ፎቅ ነዋሪ ነኝ። ትምህርቴን ከዘጠነኛ ክፍል ስላቋረጥኩ በዚህ ደብዳቤ የፊደል ስህተት ቢገኝ የኔ ነው፤ ሌላው ስህተት የእርስዎ ነው። ቁጥር እንደሚወዱ ስለማውቅ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ አየሩ እናመሰግናለን። ከጥቅምት ጀምሮ በቧንቧ ቤት ለቤት የሚዞረው የማሞቂያ ሙቅ ውሃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ደክሞት እየቀረ፣ እኛ ጣሪያ ሥር ላለነው በግድግዳችን የማሞቂያ ብረት ውስጥ የደረሰን አየር ብቻ ነው። የሰባ ስምንት ዓመቷ ጎረቤቴ እማማ ቶክቶቡቡ ግን አየር አልበቃቸውም። እንደ ላይኛው ፎቅ ሰው ሁሉ ጠዋት ጠዋት ሳፋ ይደቅኑና፣ የብረቱን ቡሎን በትንሿ መፍቻ ላላ አድርገው አየሩ ሽሽ ብሎ ወጥቶ ለሙቁ ውሃ ቦታ እስኪለቅ ይጠብቃሉ። "ይሄ ብረት እንደ ባሌ ነው፣ ነፍሱን ይማርና፤ ካላስተነፈሱት አይሞቅም" ይሉኝ ነበር።

ሁለተኛ፣ ተቆጣጣሪዎን ጋሼ ሳግንዲክን ስለላኩልን እናመሰግናለን። ምድር ቤት ወርዶ መለኪያውን አየና፣ ካፖርቱንም ኮፍያውንም ሳያወልቅ እማማ ዘንድ ገባ።

"እማማ፣ ግፊቱ አራት ነው። አራት ከሆነ ቤትዎ ሙቅ ነው" አላቸው፣ ከአፉ ጉም እየወጣ።

"እንግዲያው ኮፍያህን አውልቃ የኔ ልጅ" አሉት።

አላወለቀም። ይልቁንም ሳፋው ውስጥ ያለችውን ጭላጭ አይቶ "ግፊቱን የሚያጎድሉት እርስዎ ነዎት" አለና፣ ቡሎኑን በሽቦ አስሮ ማኅተም አደረገበት። ሙሉ አራት የሆነ ግፊት እንዴት ጎደለ ብዬ ብጠይቀው "አንተ መጀመሪያ ትምህርትህን ጨርስ" አለኝ። ለምክሩም እናመሰግናለን።

ሦስተኛው ምስጋና አይደለም፤ ቁጥሩ ግን እንዳይዘለል ጻፍኩት። እማማ ወደ ታላስ ከተማ፣ ምድጃ ያለው ቤት ያላት ሴት ልጃቸው ዘንድ መሄድ ይችሉ ነበር። አልሄዱም። ወንዱ ልጃቸው ሜደር ለሥራ ሩሲያ ከሄደ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ እሳቸውም እሱም ስልክ ቀይረው ከተጠፋፉ ደግሞ ስድስት። "የሚያውቀው ይህን በር ብቻ ነው። መጥቶ ሲያንኳኳ ማን አቤት ይለዋል?" እያሉ፣ በሜደር የትምህርት ቤት ሹራብ ላይ ሁለት ካፖርት ደርበው ተቀመጡ።

"እማማ፣ ድብ መስለዋል፤ ሜደር ቢመጣም አይለይዎትም" ስላቸው ይስቁ ነበር። የካቲት ላይ ሳቁ ወደ ሳል ዞረ። ሴት ልጃቸው መጥታ በብርድ ልብስ ጠቅልላ ወሰደቻቸው። ደረጃው ላይ ቆም ብለው የበሩን ቁልፍና መፍቻዋን በእጄ አስያዙኝ።

"አንተ ቀልደኛ፣" አሉኝ፣ "ቢያንኳኳ እንዳትቀልድበት።"

አራተኛ፣ ጥፋቴን እናዘዛለሁ። በማግሥቱ ምድር ቤት ወርጄ፣ ከመለኪያው ሥር ያለችውን መዝጊያ ዘጋሁና መለኪያውን ነቅዬ ግድግዳው ላይ ባለ ምስማር ሰቀልኩት። ከቧንቧም ከምንም ጋር አልተያያዘም። ጋሼ ሳግንዲክ ሁለት ሳምንት ሙሉ እየተመላለሰ "አራት" ብሎ መዘገበ። በሦስተኛው ሳምንት ጎረቤቱን ሁሉ ጠርቼ፣ እሱ እያየ መለኪያውን ከምስማሩ አወረድኩና እጁ ላይ አኖርኩት። አገላብጦ አየው። ከዚያ ኮፍያውን አወለቀ።

አዲስ መለኪያ ተገጠመ፤ አንድ ተኩል አለ። የጎደለው ውሃ ሲሞላ የፈጀው አሥር ደቂቃ ነው። እኔም የእማማን በር ከፍቼ ገባሁ፤ ሽቦውን ቆርጬ መፍቻዋን ግማሽ ዙር አዞርኩ። ብረቱ ረዥም ተነፈሰና ሞቀ። ካፖርቴን አውልቄ በባዶው ቤት ትንሽ ተቀመጥኩ። ይምጡ ብዬ ታላስ ብደውል፣ ሴት ልጃቸው ያ ሳንባ ከእንግዲህ አምስት ፎቅ አይወጣም አለችኝ።

ሙቀትዎ ሰው በሌለበት ቤት በወቅቱ ስለደረሰ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ የእማማ ቶክቶቡቡ በር ጠባቂ፣ የሟቹም መለኪያ ቀባሪ፣
አክጆል

ማስታወሻ፦ በራቸው ላይ የታላሱን አድራሻ በትልቁ ጽፌ ለጥፌያለሁ። ሜደር መጥቶ እናቱ የት እንዳሉ ቢጠይቅ እኔ እነግረዋለሁ። ለምን ብሎ ከጠየቀ ግን እኔ ጋ የቀረውን ያንን መለኪያ አስይዤ ወደ ቢሮዎ እልከዋለሁ፤ አራት ነበር ይበሉት። እስከዚያው እንቅልፍ እንዳያጡ አደራ። ነገሩ ሲጠቃለል እጅግ ትንሽ ነበር፤ የአሥር ደቂቃ ውሃና ግማሽ ዙር መፍቻ።