ተራ ቁጥር አርባ አንድ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4
የመድኃኒት ጠብታ ለሚለካው ማሽን የምጽፈው አዲስ ፕሮግራም አለቀ። አለቀ ስል... ኮዱ። የጥራት ደረጃው ወረቀት ገና መጀመሩ ነው። ስልሳ ሁለት ተራ ቁጥር፣ ለእያንዳንዱ ሙከራና ፊርማ። ሃያ ስምንተኛው ፋክስ ያስፈትሻል። ፋክስ የት አለን? ይሰረዝ ብል ስምንት ፊርማ ይፈልጋል አሉኝ። ኮዱን የጻፈ ደግሞ የራሱን አይፈትሽም። ሌባ ነኝ እንዴ?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7
እህቴ ደወለች። የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነርስ ናት፤ ፕሮግራሙን የሚጠብቁት እነሱ ናቸው። "እስካሁን በእጃችን እያሰላን ነው። ትናንት አንዷ ነርስ ዜሮ ጨምራ ለጥቂት ነው የተረፍነው። ኧረ ቶሎ በል ወንድሜ።" ወረቀት ይዞኛል ልበላት? አፈርኩ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12
አርባ አንድ ላይ ደረስን። "ማሽኑ እየሠራ መሰኪያውን ንቀል፣ ባትሪውን አውጣ፣ መልስ፣ የታካሚውን ክብደት አንብብ።" ሆስፒታል ውስጥ ማን ባትሪ ያወጣል?
የጥራት ተቆጣጣሪያችንን "እማማ ማስረጃ" ነው የምንላቸው፤ ደህና አደሩ ቢሏቸው እንኳ ማስረጃ ይጠይቃሉ። "እማማ፣ ይቺን ዝም ብለን ብንፈርምባትስ? ሕፃናት እየጠበቁ ነው።" መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። "ለሕፃናቱ ብዬ ነው እኮ የማልፈርመው፣ ልጄ።"
ብዕሩን ጥዬ ወጣሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13
ኮዴን የምትፈትሸው ባልደረባዬ የሦስት ኪሎ ሕፃን ክብደት አስገባች። ነቀለች፣ ባትሪውን አወጣች፣ መለሰች። ስክሪኑ በራ... ሰባ ኪሎ። ከዚያ በፊት ለሙከራ የገባው የትልቅ ሰው ክብደት። ማሽኑ ምንም ሳይጠይቅ የትልቅ ሰው መድኃኒት ለሙከራ ከሥሩ ያስቀመጥነው ኩባያ ውስጥ ማንጠብጠብ ጀመረ።
ኮዱ የእኔ ነው። ኮዱን ከፍቼ ተቀመጥኩ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 15
እያረምኩ ነው። እማማን ጠየቅኳቸው፦ "አርባ አንድን ማን ጻፈው?"
"እኔ እንጃ። መቼም ዝም ብሎ አልተጻፈም። የሆነ ቦታ የሆነ ሰው ተጎድቶ ነው።"
ወረቀቱን ከላይ ጀምሬ አነበብኩት። ስልሳ ሁለት... ስንት ሰው? በሕይወቴ እንዲህ የገረመኝ ነገር የለም። አስፈራኝም። የማያውቁኝ ሰዎች እጄን ያዙኝ። (ፋክሱ ግን አሁንም ያናድደኛል።)

ሰኞ፣ ኅዳር 2
ፕሮግራሙ ዛሬ እነ እህቴ ክፍል ባለው ማሽን ላይ ተጫነ። ሦስት ሳምንት ዘግይቶ። ለምን እንደቆየሁ፣ የባትሪውንም ነገር ነገርኳት። "እኛ እኮ ባትሪውን በየቀኑ ነው የምናወጣው። ማሽኑን ስናጸዳ" አለችኝ።
በየቀኑ...
ቢሮ ተመልሼ ከቅጹ ግርጌ ስልሳ ሦስት ብዬ ጻፍኩ፦ "ነርሶቹ ማሽኑን ሲያጸዱ ሄደህ እይ።" ለመጽደቅ ስምንት ፊርማ ይፈልጋል አሉኝ።
እጠብቃለሁ።