የሚጨሰው ጠርሙስ

ሰኞ፣ ኅዳር 8፣ ጠዋት
ቤተ ሙከራውን ጠረግሁ። ብልቃጦቹን አጠብሁ። ጭሱን ወደ ውጭ የሚስበው ሞተር ዛሬም አይሠራም። ከተቃጠለ ሁለት ዓመቱ። አራት ደብዳቤ ጻፍኩ፤ አራቱም «ታይቷል» ተብሎ ተመለሰ። ማየት ቢጠግን ኖሮ እኔም ዐይን አለኝ።

አዲስ ናይትሪክ አሲድ ከባሕር ዳር መጣ። ክዳኑን ብከፍተው በራሱ ጨሰ፤ ቡናማ ጭስ። ጽሑፉን አነበብኩት፦ ከመቶ ዘጠና በላይ። የለመድነው ሰባም አይሞላም። ደብተሬ፣ በዲፕሎማ የቀረሁ ቴክኒሻን ነኝ፤ ግን ሃያ ስድስት ዓመት አሲድ ስቀዳ ኖሬያለሁ። ይሄን ፈራሁት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10
ለዶ/ር ም. ነገርኩት። የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ መምህሩ ነው፤ በዕድሜ ታናሼ። ነገ ናይትሪክ አሲድ የሚቀላቀልበት የናይትሬሽን ተግባር ትምህርት አለ። በዚህ ጥንካሬ፣ ያለ ሞተር፣ አይሆንም አልኩት። የለመድነው እስኪመጣ ይቆይ። ኮርሱ ዘግይቷል፣ መስኮት እንከፍታለን አለ። ከዚያ ሳቅ ብሎ፦
«እትዬ የሺ፣ እርስዎ ጠርሙሱን ያቀብሉ፤ ኬሚስትሪውን ለእኔ ይተዉት።»
አክብሮ ማዋረድ ይችልበታል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11፣ 11 ሰዓት
ሆስፒታል ግቢ ተቀምጬ ነው የምጽፈው።
አቀበልኩ። የአሲዱ ቁም ሳጥን ቁልፍ እኔ ዘንድ ነው፤ እንቢ ማለት እችል ነበር። አቀበልኩ።

የተጎዳችው ትርንጎ ናት። የእብናት ልጅ፤ ስድስት ዓመት ዐረብ አገር ሠርታ የተመለሰች፣ ከክፍሉ ሁሉ በዕድሜ የምትበልጥ ተማሪ። ብልቃጡ ከመጠን በላይ ጋለ፣ ገነፈለ፣ ቡናማው ጭስ ክፍሉን ሞላው። ሌሎቹ ሮጡ። እሷ ጥግ ላይ ነበረች፤ በሩ ጋ እስክትደርስ ጭሱን ማገችው። ሳለች፣ ሳለች፣ ከዚያ ተዋት። ዶ/ር ም. ደህና ነሽ፣ ሂጂ ተኚ አላት። ይሄ ጭስ አዘናግቶ ነው የሚገድል፣ ሰዓታት ቆይቶ ነው ሳንባ ውስጥ ውሃ የሚሞላው አልኩ። ነገር አያክብዱ ተባልኩ።

በባጃጅ ይዣት መጣሁ። «እትዬ፣ ደህና እኮ ነኝ፤ ለምን ይለፋሉ?» ትለኛለች።
ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከንፈሯ ጠቆረ። አሁን ኦክስጅን ላይ ናት።

ዓርብ፣ ኅዳር 12
ኅዳር ሚካኤል። ከተማው እየታጠነ ነው፤ በየደጁ የቆሻሻ ክምር ይነዳል። ነርሷ መስኮቱን በእርጥብ ጨርቅ ደፍናዋለች። የትርንጎ እናት ከእብናት ደርሰዋል። ልጄን ምን አገኛት አሉኝ። አሲድ ነው አልኳቸው።
«ማን ደፋባት?»
ጠላት ያደረገው መስሏቸው። ውሃ ላመጣላቸው ወጣሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16
ትተርፋለች ብለዋል ሐኪሞቹ። ሁለት ደረጃ ስትወጣ ግን ቁና ቁና ትተነፍሳለች፤ እስከ መቼ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ትምህርቱን ትታ ከእናቷ ጋር እብናት ልትገባ ነው። ዐረብ አገር ያልሰበራትን እኛ ሰበርናት።

አደጋውን የሚያጣራው የኮሌጁ ኮሚቴ ተሰበሰበ። ቃለ ጉባኤው አልቆ፣ ታትሞ ቀረበልኝ፦ ተማሪዋ መመሪያ አልጠበቀችም፤ ሞተሩ ይሠራ ነበር። ከታች ስሜ፣ አጠገቡ ባዶ መስመር። የክፍሉ ኃላፊ ጎንበስ ብሎ፣ ጡረታዎን ያስቡ አለኝ። ዶ/ር ም. ቀና ብሎም አላየኝ። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ይባላል። ለካ ኮሚቴም ነግሧል።
ነገ እነግራችኋለሁ ብዬ ወጣሁ። ነገ! ፈሪ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17፣ ማለዳ
አልፈርምም። የራሴን ቃል በራሴ እጅ እጽፋለሁ፤ አንድ ለኮሌጁ፣ አንድ ለፖሊስ፣ አንድ ለትርንጎ እናት። ማንበብ ባይችሉ ቁጭ ብዬ አነብላቸዋለሁ።
ጀምሬዋለሁ። የመጀመሪያው መስመር፦ «ጠርሙሱን አደጋውን እያወቅሁ ያቀበልኩት እኔ ነኝ።» ሁለተኛው መስመር የዶክተሩ ጥፋት ነው።