በሰም ውስጥ የቀረኸው

ውድ ወንድሜ አለበል፣

ይህን ደብዳቤ ስጀምር ሦስተኛ ወረቀቴ ነው፤ ሁለቱን ቀድጃቸዋለሁ። ሙት ደብዳቤ እንደማያነብ አጥቼው አይደለም። አንተ እንደሆንክ በሕይወት ሳለህም የጻፍኩልህን እስከ መጨረሻው አታነብም ነበር፤ "ሰላምታሽ ብቻውን ገጽ ይፈጃል" እያልክ ትስቅብኛለህ። ስለዚህ ሰላምታውን ትቼዋለሁ። ይህን ግን እስከ መጨረሻው አንብበው፤ የምታደርስልኝ መልእክት አለኝ።

የሚጥል በሽታህ መነሻው ጭንቅላትህ ውስጥ ያለው እብጠት ነው ሲባል፣ በቀዶ ጥገና ካልወጣ ብዬ ከአምባ ጊዮርጊስ ጎንደር ድረስ ጎትቼ ያመጣሁህ እኔ ነኝ። የሚወጣው ሥጋ ለጥናት እንዲቀመጥ ፈቃድህን የሚጠይቀውን ወረቀት ያነበብኩልህም እኔ። "ለኔ ያልሆነኝ ለሌላው ከሆነ ይውሰዱት" ብለህ ፈረምክ። ከዚያ ሳቅ አልክና "ለእምዬ ግን እንዳትነግሪያት፤ ልጄን ሙሉውን አምጪ ትልሻለች" አልከኝ። ከቀዶ ጥገናው በስድስተኛው ቀን አንጎልህ ውስጥ ደም ፈሰሰና አረፍክ።

በእኛ አገር እግሩ የተቆረጠ ሰው እንኳ እግሩ ተገንዞ እንደሚቀበር ታውቃለህ። ገና አፈሩ ሳይመለስ እምዬ ክንዴን ጨብጣ "ከራሱ ያወጡትስ?" አለችኝ። "አብሮት ነው" አልኳት። ዋሸኋት። ያ ሥጋ እኔ በምሠራበት ላቦራቶሪ መሳቢያ ውስጥ በሰም ተደፍኖ ተቀምጦ ነበር፤ ከአውራ ጣት ጥፍር አይበልጥም። አቧራ የምጠርግ መስዬ መሳቢያውን እየከፈትኩ ስንት ጊዜ እንዳየሁህ እኔ ነኝ የማውቀው። ለማንም አልተናገርኩም፤ ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት።

ባለፈው ኅዳር ዶክተር ፍቅርተማርያም የሚመሩት ጥናት ተጀመረ። የሚጥል በሽታ ከነበረባቸው ሰዎች ተወስዶ በሰም የቆየ የአንጎል ሥጋ ይሸረፋል፤ ሴሎቹ አንድ በአንድ ይለያሉ፤ በእያንዳንዱ ሴል ውስጥ የትኛው ዘረመል ይሠራ እንደነበር፣ የትኛው ዝም እንዳለ ይነበባል። ከዐሥር ዓመት በላይ የቆየ ሰም ግን አይገባም። ከወደቁት ዝርዝር ውስጥ ያንተን ቁጥር አየሁት፦ "ዐሥራ ስድስት ዓመት" ይላል። ሰምህ ላይ የተጻፈው 15/05/2009 ነው። ጥር ዐሥራ አምስት ማለት ነው፣ በእኛ አቆጣጠር፤ ዘጠኝ ዓመት እንኳ አልሞላህም። ወደ ኮምፒውተር ሲገባ በፈረንጅ ተቆጥሮ አስረጀህ።

አንድ ቃል ብናገር ይስተካከል ነበር። አልተናገርኩም። የወደቁት ሊቃጠሉ ነበርና ያንተን ከካርቶኑ አውጥቼ፣ በፋሻ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ቅዳሜ በአውቶቡስ ወደ አምባ ጊዮርጊስ ሄድኩ። መቃብርህ አጠገብ ልቀብርህ፣ ውሸቴን እውነት ላደርገው።

ዶማ ይዤ ስወጣ እምዬ አየችኝና በስሜ ጠራችኝ።

"ምነው የትነበርሽ? በዶማ ምን ልትሠሪ ነው?"

ሁለተኛ መዋሸት አቃተኝ። ደጃፉ ላይ እንደቆምን ሁሉንም ነገርኳት። ትጮሃለች ብዬ ስጠብቅ መዳፏን ዘረጋች። ፋሻውን ፈትቼ አስቀመጥኩላት።

"ይችው ናት?"

"ይችው ናት።"

ብዙ አየችህ። ከዚያ ሐኪሞቹ ምን ሊያደርጉበት እንደነበር ጠየቀችኝ። ዳዊት ለሰባት ቀን ተከፍሎ እንደሚደገመው ነው አልኳት፤ መጽሐፉ በሁሉም እጅ ያው ነው፣ የሰኞው ደጋሚ የሰኞን ይገልጣል፣ የማክሰኞው የማክሰኞን። ሴሎቹም አንድ መጽሐፍ ይዘው የትኛው የትኛውን ገጽ እንደገለጠ ነው የሚታየው። ያለ ቀኑ የገለጠ ካለም ይታወቃል።

"መቼ እንደ ጀመረውስ ይናገራል?"

"ሊናገር ይችላል።"

ይህን ስላት ቁጭ አለች።

"ያን ጊዜ ገብሱን አውድማ ላይ ጥሎት ለጥምቀት ጎንደር ቀሐ ወረደ። የሰው ከብት ገብቶ አወደመው። ሲመጣ 'ያንቀጥቅጥህ!' አልሁት። ከአፌ ወጣ፣ ልጄ። በወሩ ለኪዳነ ምሕረት ቤተስኪያን ደጅ ወድቆ ተንቀጠቀጠ። በሽታ አይዶለም። እኔ ነኝ የገደልሁት።"

ይህን ሁሉ ዓመት ለንስሐ አባቷ እንኳ አልተነፈሰችም፣ አለበል። እኔ ጎትቼ አምጥቼ ገደልኩት እላለሁ፣ እሷ ረግሜ ገደልሁት ትላለች፤ በአንድ ሙት ሁለት ገዳይ ሆነን ተደባብቀን ኖርን። አቅፌያት አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም። ፋሻውን መልሳ ጠቀለለችና በእጄ ላይ አኖረችው።

"መሬቱ የትም አይሄድ፤ ይጠብቃል። ውሰጅውና ይጠይቁት። እኔ መሆኔን ይንገሩኝ።"

ሰኞ ለዶክተር ፍቅርተማርያም ሁሉንም ተናዘዝኩ። "ሥጋ በቦርሳ ይዞራል እንዴ?" ብለው ክፉኛ ተቆጡኝ፤ እውነታቸውን ነው። ከዚያ ከማኅደርህ ፊርማህን አዩ፣ ቀኑም ተስተካከለ። የቆረጥኩህ እኔ ነኝ። ሌላ ሰው እንዲነካህ አልፈለግኩም። ከሽንኩርት ልጣጭ በቀጠነ ሽራፊ፣ በሰሙ ውስጥ ምንም እስከማይቀር ድረስ ቆረጥኩህ።

ከዚያ ወዲያ እምዬ በየእሑዱ ከቅዳሴ መልስ ትደውላለች። ሰላምታ የላትም፤ ባንተ ወጣች መሰለኝ።

"ተናገረ?"

"ገና ነው እምዬ።"

"ሸጋ። እንጠብቃለን።"

ለመጨረሻ ጊዜ የደወለችው በዳግም ትንሣኤ ነው። ያኔም "ገና ነው" አልኳት። ሳንባዋን ታማ ግንቦት ሳይገባ አረፈች። ካንተ በስተቀኝ ቀበርናት።

ውጤቱ የመጣው በሰኔ ነው። ዶክተር ጠርተው አስቀመጡኝና አሳዩኝ። በማኅፀን ሳለህ ብቻ ተገልጠው ከዚያ መዘጋት የነበረባቸው ገጾች፣ በሃያ ስድስት ዓመትህ እንደተገለጡ ናቸው። እብጠቱ አብሮህ የተወለደ ነው። ገብሱ ከመጥፋቱ ዐሥራ ሰባት ዓመት በፊት፣ እምዬ ስም ሳታወጣልህ በፊት የጀመረ ነው። "ከእናትም ከአባትም የተወረሰ አይመስልም፤ የማንም ጥፋት አይደለም" አሉኝ። "ሰው በንዴት የተናገረው ቃልስ?" ብዬ ጠየቅኳቸው። ግራ ተጋብተው አዩኝ። "እንዴት ተደርጎ!" አሉ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እምዬ ግን እስኪጠራ አልቆየችም፤ ሁለት ወር ነበር የቀራት። ጎትቼ ማምጣቴ ጥፋት ይሁን አይሁን የሚነግረኝ ሴል እንደሌለም አውቃለሁ። እሱን ይዤው እኖራለሁ። የእሷን ግን ማንም ይዞት እንዲቀር አልፈልግም። ባዶውን ሰም በመጪው ቅዳሜ አምጥቼ በሁለታችሁ መሐል እቀብረዋለሁ፤ በዚያች ዶማ።

መልእክቴ ይኸው ነው። አሁን ከእኔ ይልቅ አንተ ለእሷ ትቀርባለህ። እሑድ ሲሆን መጠየቋ አይቀርም። "ተናገረ?" ስትልህ፣ "ተናገርኩ እምዬ፤ አንቺ አይደለሽም" በላት።

እህትህ
የትነበርሽ
ጎንደር፣ አራዳ