ያለ ጥንድ የማይወሰደው ኮርስ

ችኩሌ፣

ድስቱ ውስጥ ሾርባ አለ፤ አሙቀሽ ጠጪ፣ ጉሮሮሽ ገና አልዳነም።

የንግድ ማማከሩን ኮርስ ትተሽ ፋይናንስ መግባትሽን የሰማሁት ከመምህሩ ነው። ክፍሉ ሁሉ እየሰማ፣ «ጓደኛሽ ወጥታለች፤ ይህ አማራጭ ኮርስ ያለ ጥንድ አይወሰድም፤ እንግዲህ ምን ይሻልሻል?» አለኝ።


ማርኬቲንጉን የተውኩት ማማከሩን አብረን እንውሰድ ብለሽ ስለለመንሽኝ ነበር፤ አሁን እሱም ሞልቷል። የቀረኝ ሌላ ከተማ ሄዶ የመስክ ልምምድ መሥራት ነው፤ ዛሬ እሄዳለሁ።

ፋይናንስ ይሆንሻል፤ ከልቤ ነው።
ግን እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠን ስናጠና፣ አንድ ቀን ቀና ብለሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?

እናትሽ ደውላ ስለ እኔ ከጠየቀችሽ ደህና ናት በያት፤ የተጣላን እንዳይመስላት።

የጋራ ቤታችንን ቁልፍ ትቼልሽ ልሄድ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ።